በቤሰመር ጋን አረብ ብረት ማውጣት፦ ብዙ ሰው የሚስትባቸው ደረጃዎች፣ አንድ በአንድ

ስለ ቤሰመር ዘዴ የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር ሲነፋ አረብ ብረት ይወጣል። ይህን ብቻ ይዞ የገባ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1856 ከዘዴው ፈልሳፊ ከሄንሪ ቤሰመር ፈቃድ የገዙት የእንግሊዝ ብረት አምራቾችም የወደቁት በዚሁ ነው። ገንዘብ ከፈሉ፣ ምድጃ ሠሩ፣ አየር ነፉ። ያገኙት ግን መዶሻ ሲያርፍበት እንደ ሸክላ የሚሰባበር ነገር ነበር።

ዛሬም ሂደቱን በቅደም ተከተል ጻፉ ሲባል ተማሪውም፣ ሞዴል ሠሪውም፣ አኒሜሽን የሚያዘጋጀውም የሚስተው እዚያው ቦታ ላይ ነው። እኔም መጀመሪያ በሥዕል ስሠራው ጋኑን ቀጥ አድርጌ አቁሜ ነበር ብረት የቀዳሁበት። እውነተኛ ጋን ቢሆን ኖሮ ብረቱ በሥር ባሉት ቀዳዳዎች ወርዶ የንፋስ ሳጥኑን ይሞላው ነበር።

መመሪያው የሚናገረው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር፣ 10 ቶን የሚይዝ ጋን ፊት እንደቆማችሁ አድርጎ ነው። በወረቀት፣ በሞዴል ወይም በኮምፒውተር ተከተሉት። ጓሮ ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም። 1600 ዲግሪ የደረሰ ብረት «ይቅርታ» አያውቅም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ አራት ቃላት

ጥሬ ብረት ስል ከማዕድን ማቅለጫው ምድጃ በቀጥታ የሚወጣውን ማለቴ ነው። ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካርቦን አለው። ጋራዥ ውስጥ ጊዛ የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ነው። ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። አረብ ብረት ካርቦኑ የወረደለት ነው፤ ለባቡር ሐዲድ 0.4 በመቶ አካባቢ ይበቃል። ጋን የምለው ኮንቨርተሩን ነው። ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ በሁለት ክንዶች ተንጠልጥሎ የሚዞር ትልቅ የብረት ጋን ነው። ስላግ ደግሞ በቀለጠው ብረት ላይ የሚንሳፈፈው ቆሻሻ ነው። የድሮ ባለሙያ የብረት አር ይለዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ይለይ። ወናፍ ያየ ሰው እዚህ ይሳሳታል። የአንጥረኛ ወናፍ የሚነፋው ከሰሉን ለማንደድ ነው። በጋኑ ውስጥ ከሰል የለም። የሚነደው በብረቱ ውስጥ ያለው ሲሊኮንና ካርቦን ነው። ስለዚህ «ቀዝቃዛ አየር ብረቱን ለምን አያቀዘቅዘውም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ ማገዶው ራሱ ብረቱ ውስጥ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥሬ ብረቱን ምረጡ

ውጤቱ ግማሽ በግማሽ የሚወሰነው እዚህ ነው። የብረቱን ምርመራ ሳታዩ ወደ ደረጃ 2 አትለፉ። ለ10 ቶን የሚከተለውን ፈልጉ፦

1. ካርቦን ከ3.5 እስከ 4 በመቶ።
2. ሲሊኮን 2 በመቶ አካባቢ። ዋናው ማገዶ ይህ ነው። ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ብረቱ ይቀዘቅዝባችኋል። ከ2.5 በላይ ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ስላጉም ይበዛል።
3. ማንጋኒዝ ከ1 በመቶ ያልበለጠ።
4. ፎስፈረስ ከ0.06 በመቶ ያልበለጠ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።
5. ሰልፈር ከ0.05 በመቶ በታች።

ፎስፈረስን ለምን እንዲህ እንፈራዋለን? በዚህ ዓይነቱ ጋን ውስጥ አይወጣም። ጭራሽ ይከማቻል። ከ10 ቶን ወደ 1 ቶን የሚሆነው ተቃጥሎና ከስላግ ጋር ስለሚጠፋ፣ የቀረው ፎስፈረስ በትንሽ ብረት ውስጥ ይጠጋጋል። 0.06 ይዞ የገባው ወደ 0.07 ይጠጋል። 0.1 ካለፈ ሐዲዱ በብርድ ጠዋት ይሰነጠቃል። የ1856ቱ ሰዎች የወደቁት በዚህ ነው። ቤሰመር በሙከራው የተጠቀመበት ብረት በአጋጣሚ ፎስፈረሱ ትንሽ ነበር። እነሱ ያገር ቤት ብረታቸውን ይዘው መጡ።

ከየት ታመጣላችሁ? የካምበርላንድ ሄማታይት፣ የስፔን ቢልባኦ ማዕድን፣ የስዊድን ብረት ይሆናሉ። ሚድልስብሮ አጠገብ ያለው የክሊቭላንድ ማዕድን አይሆንም። እሱ ብቻ ካላችሁ ወደ መጨረሻው ክፍል ዝለሉ።

ሰልፈርም በጋኑ ውስጥ አይወጣም። ብዙ ጊዜ የሚገባው ከኮክ ከሰሉ ነው። ጥሬ ብረቱን እንደገና በኮክ የምታቀልጡ ከሆነ ኮኩንም አስመርምሩ።

ደረጃ 2፦ ጋኑን ምረጉ

የጋኑ ውጫዊ ቅርፊት ከተራ የብረት ሰሌዳ የተሠራ ነው። ምርጊት ከሌለው በደቂቃዎች ውስጥ ይቀልጣል።

1. ጋኒስተር የሚባለውን የሼፊልድ አካባቢ ድንጋይ ፈጭታችሁ በትንሽ የእሳት ሸክላ አቡኩት። አብዛኛው ሲሊካ ነው።
2. በቅርፊቱ ውስጥ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ደልድሉት። ንብርብሩን በየተራ ውቀጡ። ባዶ ኪስ ከቀረ ብረቱ ያገኘዋል።
3. የታችኛውን ቂጥ ለብቻው ሥሩት። ከደርዘን በላይ የእሳት ጡቦችን ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። እያንዳንዱ ጡብ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ 10 ያህል ቀዳዳ አለው። አየሩ የሚገባው በዚህ ነው።
4. በጡቦቹ መሃል ያለውን ክፍተት በዚያው ጭቃ ጠቅጥቁ።
5. ቂጡን ከጋኑ ጋር ግጠሙ፤ መጋጠሚያውን ምረጉ፤ የንፋስ ሳጥኑን ከሥር እሰሩ።

ቂጡ ቶሎ ያልቃል። ከ15 እስከ 25 ጊዜ ከተነፋ በኋላ ጡቦቹ ያጥራሉ። የጎኑ ምርጊት ግን ብዙ እጥፍ ይቆያል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለትና ሦስት ትርፍ ቂጥ ደርቆ ይጠብቅ። አሜሪካዊው አሌክሳንደር ሆሊ ተነቃይ ቂጥ ያመጣው ለዚህ ነው፤ ጋኑ እስኪቀዘቅዝ ሥራው እንዳይቆም።

የእያንዳንዱን ጡብ ርዝመት ከእያንዳንዱ ንፊያ በኋላ በዘንግ ለኩ። «ገና ይቆያል» እያሉ መገመት ነው ሰው የሚገድለው።

ደረጃ 3፦ አድርቁ፤ ከዚያ አግሉ

እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሰው አንድ ያደርጋቸዋል።

*ማድረቅ።* ቀስ ያለ የእንጨት ወይም የከሰል እሳት ውስጡ አንድዱ። መጀመሪያ ሙቀቱ ለብ ይበል። እንፋሎት ከአፉ መውጣት እስኪያቆም አትቸኩሉ። ከቸኮላችሁ በምርጊቱ ውስጥ ያለው ውሃ ፈልቶ ጭቃውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ስንጥቅ ካያችሁ እዚያው በእርጥብ ጋኒስተር ድፈኑ፤ እንደገና አድርቁ።

*ማጋል።* ሥራው ሊጀመር ሲል ኮክ ከሰል ጨምሩ። በሥሩ ቀላል ንፋስ ልቀቁበት። ግድግዳው ደማቅ ብርቱካናማ እስኪሆን ይቀጥል። ከዚያ ጋኑን ገልብጡት፤ ኮኩንና አመዱን አራግፉ። በቀዳዳዎቹ አመድ የቀረ እንደሆነ በንፋስ አስወጡ።

የማጋሉን ነገር ጠበቅ የማደርገው በምክንያት ነው። ጥሬ ብረት 1200 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል። ካርቦኑ ሲወጣለት ግን መቅለጫው እያደገ ይሄዳል፤ በመጨረሻ 1500 ያልፋል። ማለትም ብረቱ እየነጠረ በሄደ ቁጥር ለመርጋት ይቀርባል። ሥራው ሁሉ ሩጫ ነው። የብረቱ ሙቀት ከመቅለጫው ቀድሞ መሮጥ አለበት። ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተሠራበት ነሐስ 1000 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። የአረብ ብረት ሰው ያን ያህል ዕድለኛ አይደለም። ጋኑ ቀዝቅዞ ከጠበቀ ሩጫውን ገና ሳይጀመር ተሸንፋችኋል።

ደረጃ 4፦ የቀረውን ዕቃ አሰናዱ

ጋኑ አንዴ ከቆመ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው ያላችሁ። ያኔ ዕቃ ፍለጋ አይሮጥም። አስቀድማችሁ ይህን ጨርሱ፦

1. *ንፋስ።* የእንፋሎት ሞተሩን አንቀሳቅሱ፤ ግፊቱ ከ1.4 እስከ 1.7 ባር መድረሱን በመለኪያው እዩ። ብረቱ በቂጡ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆማል። እሱን ተሸክሞ ለመያዝ ብቻ ወደ 0.35 ባር ይጠፋል። የተረፈው ነው ብረቱን የሚያንተከትከው።
2. *የአየር መጠን።* አስሉት። በ10 ቶን ውስጥ 400 ኪሎ ካርቦንና 200 ኪሎ ሲሊኮን አለ እንበል። እነሱን ለማቃጠል 760 ኪሎ ያህል ኦክስጅን ይጠይቃል። በአየር ሲተመን 3.3 ቶን፣ ወይም 2500 ሜትር ኩብ ያህል ነው። የሚቃጠለውን ብረት ጨምራችሁ 3000 ያዙ። በ18 ደቂቃ ለመጨረስ ሞተራችሁ በደቂቃ ከ160 ሜትር ኩብ በላይ መስጠት አለበት። አይሰጥም? የብረቱን መጠን ቀንሱ እንጂ ጊዜውን አታርዝሙ።
3. *ጭልፋ።* ስሙ ጭልፋ ይሁን እንጂ 10 ቶን የሚይዝ ባልዲ ነው። በሸክላ ተመርጎ ከሥሩ በመሰኪያ ዘንግ የሚከፈት ቀዳዳ ይኑረው። ፍም እስኪመስል አግሉት።
4. *ሞልዶች።* ወፍራም የጊዛ ሞልዶችን ደርድሩ። ደረቅና ለብ ያሉ ይሁኑ።
5. *ሽፒግል።* ሽፒግልአይዘን ማንጋኒዝና ካርቦን የበዛበት ብረት ነው፤ ጀርመኖች «የመስታወት ብረት» የሚሉት ሲሰበር ስለሚያበራ ነው። በሌላ ትንሽ ምድጃ አቅልጣችሁ አቆዩት።

> ማስጠንቀቂያ፦ ውሃና የቀለጠ ብረት አይገናኙም። በሞልድ ሥር የቀረ ግማሽ ኩባያ ውሃ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ብረቱን በሠራተኛ ላይ ይረጨዋል። ጭልፋ፣ ሞልድ፣ የጋኑ ሥር ያለው ጉድጓድ፣ የሚጨመር ቁርጥራጭ ብረት፣ ሁሉም ይድረቅ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ዕቃ ያለ ይሉኝታ አስወጡ።

ደረጃ 5፦ ጋኑን አስተኝታችሁ ቅዱ

1. ጋኑን አግድም አስተኙት። አፉ ወደ ብረቱ መምጫ ይዙር።
2. የቀለጠውን ጥሬ ብረት በአሸንዳው አንቆርቁሩ። ሙቀቱ 1300 ዲግሪ አካባቢ ይሁን።
3. ብረቱ በሆዱ ውስጥ ይተኛ። ከቂጡ ቀዳዳዎች በታች መሆኑን አረጋግጡ።

ጋኑ ሆዳም ሆኖ የተሠራው ለጌጥ አይደለም። ሲተኛ 10 ቶኑን ሁሉ ቀዳዳው ሳይነካ ይይዛል። ስለዚህ ከመጠን በላይ አትቅዱ። «ትንሽ ብጨምር ምን አለ» ያለ ሰው ብረቱን በንፋስ ቱቦው ውስጥ ያገኘዋል።

ደረጃ 6፦ መጀመሪያ ንፋስ፣ ቀጥሎ ማቆም

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

1. ጋኑ እንደተኛ ንፋሱን *ሙሉ በሙሉ* ክፈቱ።
2. ግፊቱ መድረሱን በመለኪያው እዩ።
3. አሁን ጋኑን ቀስ ብላችሁ አቁሙ።

በዚህ ቅደም ተከተል ንፋሱ ከሥር ብረቱን ይሸከመዋል። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ብረቱ ቀዳዳውን ሞልቶ ይረጋል፤ ወይም ወርዶ የንፋስ ሳጥኑን ያቀልጠዋል።

ጋኑ ቆሞ ሳለ ሞተሩ ቢቆምስ? አትጠይቁ፣ አታማክሩ። ወዲያው አስተኙት። ለዚህ ነው መዞሪያውን የያዘው ሰው ንፊያው እስኪያልቅ ቦታውን የማይለቀው። ጋኑን የሚያዞረው ኃይልም ከንፋሱ ሞተር የተለየ ይሁን፤ ብዙ ፋብሪካ የውሃ ግፊት ይጠቀማል። ሁለቱ አንድ ላይ ከቆሙ መፍትሔ የለም።

ደረጃ 7፦ ነበልባሉን አንብቡ

የጋኑን ሆድ ማየት አትችሉም። የሚታየው ከአፉ የሚወጣው ነበልባል ብቻ ነው። ንፊያውን የሚመራው ሰው ችሎታ ሁሉ እዚህ ነው፤ ለዚህም ነው በፋብሪካው ውስጥ ከፍ ያለ ደመወዝ የሚበላው። ሰማያዊ መስታወት በዓይናችሁ ላይ አድርጉ። ፀሐይ ነበልባሉ ላይ ካረፈች ቀለሙ ያታልላል፤ ጥላ ያለበት ቦታ ቁሙ።

*ከ0 እስከ 5 ደቂቃ፦ ብልጭታ።* ብዙ የብረት ብልጭታ ይረጫል። ነበልባሉ አጭር፣ ቀይ-ቢጫና ደብዛዛ ነው። ሲሊኮኑና ማንጋኒዙ እየነደዱ ነው። ከሁለቱ የሚወጣው ስላግ እንጂ ጋዝ አይደለም፤ ነበልባሉ የሚያንሰውም ስለዚህ ነው። ጀማሪ «እየነደደ አይደለም» ብሎ ይደናገጣል። አትደናገጡ። ትልቁ ሙቀት የሚወለደው በዚህ ጸጥተኛ ጊዜ ነው።

*ከ5 እስከ 8 ደቂቃ፦ መሸጋገር።* ነበልባሉ ይረዝማል፤ ቢጫነቱ ይደምቃል። ካርቦኑ ተራው ደርሷል።

*ከ8 እስከ 16 ደቂቃ፦ ፍላት።* አሁን ጋኑ ያገሳል። ካርቦኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣና አፉ ላይ አየር ሲያገኝ ይነድዳል። ነበልባሉ ነጭ ነው፤ ዓይን ይወጋል፤ በርካታ ሜትር ወደ ላይ ይዘረጋል። ስላግ ይተፋል። በአፉ ፊት ለፊት ሰው አይቁም። ጋዙ መርዝ ስለሆነ ጣሪያው ክፍት ይሁን።

*16ኛው ደቂቃ አካባቢ፦ መውደቅ።* ነበልባሉ መርገብገብ ይጀምራል፤ ድንገት ያጥራል፤ ይሳሳል። ካርቦኑ አልቋል። ከዚህ በኋላ አየሩ የሚያገኘው ማገዶ ብረቱን ራሱን ብቻ ነው።

ደቂቃዎቹን እንደ ሕግ አትያዙ። ሲሊኮን የበዛበት ብረት ብልጭታው ይረዝማል። ሰዓት ያዙ፤ ግን ዓይናችሁን ከሰዓቱ በላይ እመኑ። ዓይናቸውን የማያምኑ ስፔክትሮስኮፕ፣ ማለትም ብርሃንን በየቀለሙ ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ይጠቀማሉ። በነበልባሉ ውስጥ የሚታዩት አረንጓዴ መስመሮች ድንገት ሲጠፉ ካርቦኑ አለቀ ማለት ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ጭስ ሲበዛ ያሳስታል።

ደረጃ 8፦ አስተኙ፤ ከዚያ ዝጉ

1. ነበልባሉ እንደወደቀ፣ *ንፋሱ እንደተከፈተ* ጋኑን ማስተኛት ጀምሩ።
2. ብረቱ ከቀዳዳዎቹ በታች ሲወርድ ንፋሱን ዝጉ።

የደረጃ 6 ግልባጭ ነው። ቀድሞ የዘጋ ሰው ቂጡን ያበላሻል።

እዚህ ያለው ስህተት የሚለካው በሴኮንድ ነው። ከመውደቁ በፊት ያስተኛ ጠንካራ፣ ካርቦን የቀረበት ብረት ያገኛል። ይህ ይታረማል፤ መልሳችሁ አቁማችሁ 20 ወይም 30 ሴኮንድ ንፉ። ከመውደቁ በኋላ 30 ሴኮንድ የዘገየ ግን ብረቱን በኦክስጅን ሞልቶታል። ከአየሩ የሚገባው ናይትሮጅንም ይጨምራል፤ እሱ ደግሞ ብረቱን ውሎ አድሮ ተሰባሪ ያደርገዋል። ስለዚህ ጥርጣሬ ከገባችሁ ቀድማችሁ አስተኙ።

ደረጃ 9፦ ሽፒግሉን ጨምሩ

«ካርቦኑ 0.4 ሲደርስ ለምን አናቆምም?» ይላሉ ብዙዎች። እንዲህ የሚሞክሩ አሉ፤ በተለይ ስዊድኖች። ለእናንተ ግን አልመክርም። በነበልባል 0.4ን ከ0.6 መለየት ከባድ ነው፤ ዜሮን ማወቅ ግን ቀላል ነው። ስለዚህ እስከ ታች አውርዱት፤ ከዚያ የሚያስፈልገውን መልሱ። የእንግሊዛዊው የብረት ባለሙያ የሮበርት መሸት ሐሳብ ይህ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከ10 ቶን 9 ቶን ቀርቷል፤ በውስጡ 0.05 በመቶ ካርቦን አለ እንበል። 4.5 በመቶ ካርቦንና 12 በመቶ ማንጋኒዝ ያለው ሽፒግል አላችሁ። 0.4 በመቶ ካርቦን ለማግኘት 770 ኪሎ ያህል ያስፈልጋል። ማንጋኒዙ በስሌት 0.9 በመቶ ይደርሳል፤ ከፊሉ ግን ኦክስጅኑን ይዞ ወደ ስላግ ይወጣል። መውጣቱ ኪሳራ አይደለም። የመጣበት ዋና ሥራው እሱ ነው። የቀረው ማንጋኒዝ ደግሞ ሰልፈሩን ይይዝና ብረቱ ሲግል እንዳይሰነጠቅ ያደርጋል።

1. ጋኑ እንደተኛ የቀለጠውን ሽፒግል አፍስሱበት።
2. ነበልባል እንደገና ብድግ ይላል። ይህ ጤነኛ ምልክት ነው።
3. ፍላቱ እስኪረግብ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

በጣም ለስላሳ ብረት ከፈለጋችሁ ሽፒግል አይሆንም፤ ማንጋኒዙን ለማግኘት ስትሉ ካርቦን ታበዛላችሁ። ያኔ ማንጋኒዙ 80 በመቶ የሚደርሰውን ፌሮማንጋኒዝ ተጠቀሙ። ጥቂቱ ይበቃል።

ደረጃ 10፦ ወደ ጭልፋ፣ ከጭልፋ ወደ ሞልድ

ጋኑን አዘንብሉና ብረቱን ወደ ጋለው ጭልፋ ገልብጡ። ስላጉ ከላይ ይንሳፈፍ፤ ክዳን ይሆንላችኋል። ከዚያ የሥሩን መሰኪያ ከፍታችሁ ሞልዶቹን አንድ በአንድ ሙሉ። ከሥር የሚቀዳው ስላጉ አብሮ እንዳይገባ ነው።

ፍሰቱ ቀጥ ብሎ በሞልዱ መሃል ይውረድ። ግድግዳውን ከነካ ይጣበቃል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ እዚህ የፈሰሰ ግን ከመሬት የሚነሣው በመዶሻና በዘንግ ተሰብሮ ነው።

ደረጃ 11፦ ፈትኑ

ከመሃል ሞልድ ላይ ትንሽ ናሙና ቅዱ። በመዶሻ ወደ ዘንግ ቀጥቅጡት።

ሲግል ከተሰነጠቀ ሰልፈር ወይም ኦክስጅን ነው። ሲግል ደህና ሆኖ ሲቀዘቅዝ ከተሰበረ ፎስፈረስ ነው። አግላችሁ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት በጣም ከጠነከረና ሲታጠፍ ከተሰበረ ካርቦኑ በዝቷል። ቢነከርም ከታጠፈ ለስላሳ ነው። የላብራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ይህ ይበቃል። ያልተፈተነ ብረት ግን ወደ ሐዲድ መዳመጫው አትላኩ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ነበልባሉ ደብዝዞ ቀረ፤ በጋኑ አፍ ላይ ብረት እየረጋ ነው።* ቀዝቅዟል። ሲሊኮን አንሷል ወይም ጋኑ አልጋለም። ፌሮሲሊኮን (ሲሊኮን የበዛበት ብረት) ጨምሩ። ካልሆነ ጋኑን በትንሹ አዘንብሉ፤ ከፊሎቹ ቀዳዳዎች ከብረቱ በላይ ይሁኑ። አየሩ ጋዙን በጋኑ ውስጥ ያቃጥለዋል፤ ሙቀት ታገኛላችሁ። ብረት ግን ታጣላችሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ምልክቱን እንዳያችሁ አድርጉት። ብረቱ አንዴ ጋን ውስጥ ከረጋ ጋኑን ማፍረስ ነው።

*ነበልባሉ ከመጠን በላይ ነጭ ነው፤ ምርጊቱ እየተበላ ነው።* ግሏል። ንጹሕና ደረቅ የአረብ ብረት ቁርጥራጭ ጣሉበት። አንዳንዶች ከንፋሱ ጋር ጥቂት እንፋሎት ይለቃሉ። ቁርጥራጩን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ብረት ይሆናል።

*ስላግና ብረት እየገነፈለ ነው።* ንፋሱን ቀንሱ እንጂ አትዝጉ። ጋኑን ጥቂት አዘንብሉ። በሚቀጥለው ዙር የቀዳችሁትን መጠን ቀንሱ።

*ከንፋስ ሳጥኑ ሥር ብልጭታ ታየ።* አንድ ጡብ አልቋል። ወዲያው አስተኙ፤ ንፋስ ዝጉ፤ የተበላሸውን ጡብ ከኋላ በሸክላ ድፈኑ፤ ሥራውን በቀሩት ጨርሱ። ሁለት ጡብ ከሄደ ቂጡን ቀይሩ።

*በሞልዱ ውስጥ ብረቱ እየፈላ ይነሣል።* ብዙ ተነፍቷል፤ ወይም ሽፒግሉ አንሷል። ሞልዱን በብረት ሰሌዳና በደረቅ አሸዋ ክደኑት። ለሚቀጥለው ዙር ቀድማችሁ አስተኙ። በአረፋ የተሞላውን ብረት ለሐዲድ አታውሉት፤ እንደ ቁርጥራጭ መልሱት።

ፎስፈረስ ያለበት ብረት ብቻ ካላችሁ

መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1878 እና በ1879 ሲድኒ ጊልክራይስት ቶማስና የአጎቱ ልጅ ፐርሲ ጊልክራይስት ያረጋገጡት ነው። ጋኑ ያው ነው፤ ምርጊቱ ግን ሌላ ነው።

1. በጋኒስተር ፈንታ የተቃጠለ ዶሎማይት (ማግኒዚየም ያለበት የኖራ ድንጋይ ዓይነት) ከትኩስ ሬንጅ ጋር አቡክታችሁ ምረጉ። ሲሊካ ምርጊት ላይ ኖራ የጣለ ሰው ምርጊቱ በጥቂት ዙር ያልቅበታል። ሁለቱ አይስማሙም።
2. ጥሬ ብረቱ አሁን ሲሊኮኑ ከ1 በመቶ በታች ይሁን፤ ፎስፈረሱ ደግሞ 2 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ። ግራ አይግባችሁ። ማገዶው ተቀይሯል፤ አሁን የሚያግለው ፎስፈረሱ ነው። 0.3 ወይም 0.5 ብቻ ያለው ብረት ለሁለቱም ዘዴ አይመችም።
3. ከብረቱ በፊት ከክብደቱ 15 በመቶ ያህል የተቃጠለ ኖራ ወደ ጋኑ ጨምሩ።
4. እንደ ደረጃ 5፣ 6 እና 7 ሥሩ። ነበልባሉ ሲወድቅ ግን *አታቁሙ*። ፎስፈረሱ የሚነደው ካርቦኑ ካለቀ በኋላ ነው። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጨምራችሁ ንፉ።
5. በዚህ ጊዜ ነበልባል አይመራችሁም። አስተኝታችሁ ናሙና ቅዱ፤ ቀጥቅጡ፤ ስበሩ። ስብራቱ ሻካራና የሚያብለጨልጭ ፍሬ ካለው ፎስፈረስ ቀርቷል፤ መልሳችሁ ንፉ።
6. ሽፒግል ከመጨመራችሁ *በፊት* ስላጉን አፍስሱ። ይህን የዘለለ ሰው ካርቦኑ ፎስፈረሱን ከስላጉ አውጥቶ ወደ ብረቱ ሲመልስበት ያያል። የደከመበት ሁሉ ገደል ይገባል።

ያፈሰሳችሁትን ስላግ ግን ወደ ጉድጓድ አትጣሉት። ሲቀዘቅዝ እንደ ዱቄት ፍጩትና በጆንያ አድርጋችሁ ለገበሬ ሽጡት። በውስጡ የገባው ፎስፈረስ ለእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል።